ማሽኑ ያረጃል፤ ባለሙያውስ?

ስንዴ በሚበዛባቸው ወረዳዎች ክረምቱ አጋምሶ ሰብሉ ለምለም ሲሆን ገበሬው ማሳውን እየዞረ የሚፈትሸው አንድ ነገር አለ፤ ዋግ። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ እንደ ክር ተሰምሮ ይወጣል። የግንድ ዋግ ደግሞ አገዳውን አቁስሎ ፍሬው እንዳይሞላ ያደርጋል። ሁለቱም ፈንገሶች ናቸው፤ የሚዛመቱትም በደቃቅ ብናኝ ነው። ብናኙን ነፋስ አንሥቶ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ያሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳዎች ላይ በሰፊው ተዛምቶ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ መታው፤ ምርት ጨርሶ ያልተሰበሰበባቸው ማሳዎችም ነበሩ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ከ2010ሩ ጉዳት በኋላ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ዝርያ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች ትምህርት በመውሰድ የተዘረጋ አንድ ሥርዓት አለ፤ የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በጋራ ያቋቋሙት ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የምርምር ባለሙያዎች በየማሳው እየተዘዋወሩ ዋግ የታየበትን ቦታና የጉዳቱን መጠን በስልካቸው መዝግበው ይልካሉ። መረጃው በእንግሊዙ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሱፐር ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ኮምፒዩተሩም ብናኙ በቀጣዮቹ ቀናት ወዴት እንደሚነፍስ፣ የት እንደሚያርፍና ባረፈበት ቦታ ያለው እርጥበትና ሙቀት ለበሽታው የሚመች መሆን አለመሆኑን ያሰላል። ውጤቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በባለሙያዎች ከተመረመረ በኋላ ወደ ግብርና ቢሮዎች፣ ወደ ልማት ሠራተኞችና ወደ ገበሬው ይደርሳል። የብናኙን ጉዞ የሚያሰላው ሞዴል በመጀመሪያ የተሠራው ለስንዴ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 በቸርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ ላይ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ የጨረር ብክለቱን ጉዞ ለመተንበይ የተዘጋጀ ነበር።

በዚህ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ማሽኑ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ማሳ ላይ ቆሞ ቢጫውን ዋግ ከሌላው የሚለይ፣ የተላከው መረጃ ስሕተት ካለበት የሚያርም፣ ከእንግሊዝ የመጣውን ካርታ አንብቦ «ይህ አካባቢ በዚህ ሳምንት ይርጭ፣ ያኛው ይቆይ» ብሎ የሚወስን ሰው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ውድ ነው፤ ያለ ጊዜው የተረጨ እንደሆነ ገንዘቡ ባከነ፣ የዘገየ እንደሆነም ሰብሉ ጠፋ ማለት ነው። ጉዳዩ የገበሬው ብቻም አይደለም። የከተማው ነዋሪ በየማለዳው የሚገዛው ዳቦ ዋጋ ከዚያው ማሳ ይነሣል። ስለዚህ ያንን ካርታ የሚያነብ ሰው በማን ገንዘብ ሠለጠነ፣ የሠለጠነበት ፕሮጀክት ሲያበቃስ ደመወዙን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ የምሁራን ብቻ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄው ዛሬ በሀብታም አገራትም እየተነሣ ነው። በዓለም ላይ ሳይንቲስቶችንና መምህራንን በላቀ የኮምፒዩተር መሠረተ ልማት ለማሠልጠን በስሙ የተለየ የገንዘብ ድጋፍ ከሚሰጡ መንግሥታዊ ተቋማት መካከል የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ተጠቃሽ ነው። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት የሆኑ የሱፐር ኮምፒዩተር ማዕከላትን መሥርቷል። ማሽኖቹ በየጊዜው እየፈጠኑ ሲሄዱ ግን ሌላ ችግር ገሃድ ወጣ። ማሽኑን በሚገባ የሚጠቀምበት ሰው ቁጥር ከማሽኑ ፍጥነት ጋር አብሮ አላደገም። በሕክምና፣ በግብርና ወይም በሜትዎሮሎጂ ዶክትሬቱን የያዘ ተመራማሪ አንድን ስሌት በሺህ ለሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮች አከፋፍሎ ማሠራትን በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ያስተማሩት መምህራንም አልተማሩትም። በዚህ ምክንያት ፋውንዴሽኑ ከ2010ሮቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተለየ የሥልጠና መርሐ ግብር ከፍቶ ዩኒቨርሲቲዎችን በፕሮፖዛል ማወዳደር ጀመረ።

መርሐ ግብሩ ሠልጣኞችን በሦስት ወገን ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹ አዳዲስ ሶፍትዌርና የስሌት ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ሁለተኞቹ የተሠራውን ለምርምራቸው የሚገለገሉበት ሳይንቲስቶች ናቸው። ሦስተኞቹ ደግሞ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ፣ ሲበላሽ የሚጠግኑና ተመራማሪውን የሚያግዙ ባለሙያዎች ናቸው። በገበሬው ቋንቋ ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ የሚያርሰውና ሞፈርና ቀንበር የሚጠግነው እንደ ማለት ነው። ሦስተኛው ወገን በአብዛኛው የሚረሳ ነው። ስሙ በምርምር ጽሑፍ ላይ አይወጣም፤ እርሱ በሌለ ጊዜ ግን ሁሉም ሥራ ይቆማል። መርሐ ግብሩ ይህን ወገን በስም ጠርቶ ማካተቱ ከሌሎች የሥልጠና ድጋፎች የሚለይበት ዋና ነጥብ ነው።

የገንዘቡ መጠን ከግዙፉ የአሜሪካ የምርምር በጀት አንጻር ከፍተኛ የሚባል አይደለም። ለሙከራ የሚሰጠው እስከ 300 ሺህ ዶላር ሲሆን የሚቆየውም እስከ ሁለት ዓመት ነው። ትልልቆቹ እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላርና እስከ አራት ዓመት ይዘልቃሉ። ከዚያ በኋላ ድጋፉ ያበቃል። በመሆኑም አመልካቾች ሥልጠናው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ እንዴት እንደሚቀጥል፣ በዩኒቨርሲቲው መደበኛ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዴት እንደሚገባና የሠለጠነው መምህር ሌላውን እንዴት እንደሚያሠለጥን ገና በፕሮፖዛሉ ላይ እንዲያስረዱ ይጠበቅባቸዋል። ገንዘቡ የሚሰጠው ለአሜሪካ ተቋማት ነው፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ሊወዳደርበት አይችልም። ከገንዘቡ ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ጥያቄው የተነሣበት ሰዓት ነው፤ «ከዚያ በኋላስ?» የሚለው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይሰጥ ይጠየቃል።

ይህ ፋውንዴሽን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 በብርቱ ተናውጧል። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ አስቀድሞ የጸደቁ ከአንድ ሺህ በላይ ድጋፎች ተቋርጠዋል፤ ከተጎዱት ዘርፎች ግንባር ቀደሙም የሳይንስ ትምህርት ነበር። ለ2026 የቀረበው የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ የፋውንዴሽኑን ዓመታዊ በጀት ከ9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ እንዲል የሚጠይቅ ነበር። የኮንግረሱ ሁለት ምክር ቤቶች ባዘጋጇቸው ረቂቆች ቅነሳውን በዚያ መጠን አልተቀበሉትም። ያም ሆኖ በዓለም ቀዳሚ በሆነው የሳይንስ ደጋፊ ተቋም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ በርዳታ ላይ የቆመ ሥልጠና ሁሉ ምን ያህል በስስ ክር እንደተንጠለጠለ መገመት አያዳግትም።

ኢትዮጵያ ይህን በቅርቡ አይታዋለች። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ የተመሠረተውና በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ይንቀሳቀስ የነበረው የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ርዳታ በታገደ ጊዜ ድረ ገጹ ተዘግቶ ነበር። ለዐርባ ዓመታት ገደማ የዝናብ፣ የሰብልና የገበያ መረጃ ሲያቀርብ የኖረ ተቋም በቀናት ውስጥ ዝም አለ። ከወራት በኋላ ሥራው በከፊል ቢመለስም፣ በእነዚያ ወራት መረጃውን ይጠብቅ የነበረ ሁሉ ባዶ እጁን ቆይቷል።

አሁን ወደ ማሽኖቹ ታሪክ እንመለስ፤ ብዙ ያስተምራልና። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሬንጀር የተባለ ሱፐር ኮምፒዩተር ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሰኔ በወጣው የዓለም ፈጣን ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ላይ አራተኛ ነበር። የሳይንስ ፋውንዴሽኑ የሰጠው 59 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ለማሽኑ መግዣ የዋለው የዚህ ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ነው። ቀሪው ለማንቀሳቀሻ፣ ለጥገናና ተጠቃሚውን ለሚያግዙ ባለሙያዎች የተመደበ ነበር። ሬንጀር በ2013 መጀመሪያ ላይ፣ ሥራ በጀመረ በአምስት ዓመቱ፣ ጡረታ ወጣ። በአገልግሎት ብዛት አልተሰበረም። የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሰጠው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ስላላዋጣ ነው። በዓለም አራተኛ የነበረ ማሽን በአምስት ዓመት እንዲህ ከሆነ፣ ዛሬ በትልቅ ሥነ ሥርዓት የሚመረቅ ማሽን ሁሉ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቃል።

ሬንጀር ግን እንደ ቁርጥራጭ ብረት አልተጣለም። ከማሽኑ መደርደሪያዎች ከፊሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጭኖ፣ በኬፕ ታውን በሚገኘው ብሔራዊ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል አማካይነት በደቡባዊ አፍሪካ ለሚገኙ ተቋማት እንዲከፋፈል ተደረገ። በዚህ ቦታ ብዙ የርዳታ ታሪኮች የሚያበቁበት አደጋ ነበር፤ ያገለገለ ዕቃ ይመጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከዚያም በአንድ ክፍል ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። ማዕከሉ ይህን ለመከላከል ዕቃውን ከሥልጠና ጋር አያይዞ ላከ። ማሽኑን የሚረከበው ተቋም የሚተክልና የሚያስተዳድር የራሱ ሰው ማሠልጠን ነበረበት። ሁሉም ቦታ እኩል ተሳክቷል ማለት አይደለም፤ መብራትና ማቀዝቀዣ በሌለበት አሮጌ ማሽን ሸክም ነው። የሠለጠኑት ሰዎች ግን ማሽኑ ካረጀም በኋላ ዕውቀቱን ይዘው ቀርተዋል።

ይኸው የኬፕ ታውኑ ማዕከል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ፣ ትንሽ የኮምፒዩተር ክምችት ከመሠረቱ ገጥመው ሳይንሳዊ ስሌት እንዲያስኬዱበት ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጀርመን ለዓለም አቀፉ የተማሪዎች ውድድር የላከው ቡድን አንደኛ ወጣ። በ2014 ደገመው፤ በ2016ም እንዲሁ። ተወዳዳሪዎቹ ከኃያላን አገራት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዚያ ጊዜ ከቀዳሚዎቹ ማሽኖች የሚደርስ አልነበራትም። የነበራት በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚደገም ሥልጠናና ለሥልጠናው ከመንግሥት በጀት የሚመደብ ገንዘብ ነው።

መደጋገም የሚለው ቃል ሊሠመርበት ይገባል። በኢትዮጵያም በጥቅምት ወር 2018 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተካሄደ አንድ ሥልጠና ነበር። የአፍሪካ የኤሌክትሮን መዋቅር ስሌት ትምህርት ቤት ይባላል። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገራት የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች የቁስ አካላትን ባሕርይ በኮምፒዩተር ስሌት የሚያጠኑበትን ዘዴ ለሁለት ሳምንት ያህል ይማራሉ። ሁለት ሳምንት ብቻውን ብዙ አያስተምርም። ይህ ትምህርት ቤት ከብዙ አውደ ጥናቶች የተሻለ የሆነው ከጅምሩ ለዐሥር ዓመት ታቅዶ፣ በየሁለት ዓመቱ በተለያየ አገር እንዲደገም በመደረጉ ነው። ካሁን ቀደም የተማረው በቀጣዩ ዙር ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዱም አስተማሪ ሆኖ ይመጣል። ተሳታፊው የምስክር ወረቀት ይዞ ከመበተን ይልቅ ጥያቄ ሲያጋጥመው የሚጽፍለት ሰው ያገኛል።

ከዚህ ጋር በኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ማነጻጸር ተገቢ ነው። መርሐ ግብሩ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ዕውቀትን፣ የዳታ ሳይንስንና የስልክ መተግበሪያ ሥራን በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል፤ በየክልሉም ብዙ ወጣቶች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ተመዝግበዋል። ይህ ሰፊ መሠረት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ይሁን እንጂ መሠረቱ ብቻውን ቤት አይሆንም። በስልኩ ላይ የፕሮግራሚንግ ሀሁን የተማረ ወጣትና የዋጉን ካርታ በሺህ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚያሰላ ባለሙያ መካከል የዓመታት ርቀት አለ። ያን ርቀት የሚያሻግረው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ፣ ጊዜና መሣሪያ የተሰጠው መምህር ነው። አምስት ሚሊዮን ሰው ለማስጀመር የሚበቃ ጉልበት ያለው አገር፣ ከእነዚህ መካከል ጥቂት መቶዎችን እስከ ጫፍ ለማድረስ የተለየ መንገድ ካላዘጋጀ የላይኛው እርከን ባዶ ይቀራል።

የላይኛው እርከን ባዶ ቢቀር ገበሬው ምን ይጎድልበታል? ለዚህ ከጣና ዳር እስከ ጉና ያለውን አገር ማሰብ ይበቃል። የአየር ትንበያ ሞዴል ሰማዩንና ምድሩን በሣጥን በሣጥን ይከፋፍላል፤ ለአንድ ሣጥን አንድ የዝናብ መጠን፣ አንድ የሙቀት መጠን ብቻ ይሰጣል። የሣጥኑ ወርድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሞቃቱ የፎገራ ሜዳና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው ዳገት በአንድ ሣጥን ሊጨፈለቁ ይችላሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራም በሞዴሉ ውስጥ ጉብታ ይሆናል። ጉናን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እንደሚፈራረቁ ያውቃል፤ ሞዴሉ ግን አያውቅም። የሣጥኑን ወርድ በግማሽ ማሳነስ ይቻላል፤ ነገር ግን በርዝመትም በወርድም የሣጥኖቹ ቁጥር ስለሚጨምርና ስሌቱም በአጭር በአጭር ጊዜ መከፋፈል ስላለበት የኮምፒዩተሩ ሥራ ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። እንደገና በግማሽ ሲያንስ ስልሳ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚውለው ሶፍትዌር ግን በነጻ ይገኛል። በአሜሪካ ኮሎራዶ በሚገኘው ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከልና በአጋሮቹ የተሠራውን የአየር ትንበያ ሞዴል ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ነጻ ሶፍትዌር ከነጻ ዕውቀት ጋር አይመጣም። በተራራማ አገር ላይ የክረምቱ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር የሚገልጹ በርካታ አማራጭ ቀመሮች በሞዴሉ ውስጥ አሉ፤ ለአውሮፓ ሜዳ የሚበጀው ቀመር ለጎጃምና ለወሎ ላይበጅ ይችላል። የትኛው እንደሚስማማ የሚያረጋግጠው ሞዴሉን ደጋግሞ አስኪዶ በየጣቢያው ከተለካው ዝናብ ጋር የሚያመሳክር፣ አገሩንም ማሽኑንም የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሰው ከውጭ ማስመጣት አይቻልም፤ ቢቻልም ጉናን አያውቀውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ማዳበሪያ በጊዜው ባልደረሰበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ በሚያጥራቸው አገር ስለ ሱፐር ኮምፒዩተር ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ማሽን መግዛት ከሆነ ሐሳቡ መልሱ አዎ ሊሆን ይችላል። የዋጉ ማስጠንቀቂያ ራሱ የሚያሳየው ኢትዮጵያ ማሽኑን ሳትገዛ ከስሌቱ ልትጠቀም መቻሏን ነው፤ ስሌቱ እንግሊዝ ተሠርቶ ጥቅሙ አርሲና ጎጃም ሊውል ይችላል። ይህ አሠራር ኋላ ላይ ወደ ኔፓልና ወደ ባንግላዴሽም ተወስዷል። ከሩቅ ሆኖ በሌላ አገር ማሽን መሥራት የዘመኑ መደበኛ ልማድ ነው፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ሳይንቲስቶችም የሚጠቀሙበትን ማሽን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ለዚህ የሚያስፈልገው አስተማማኝ የኢንተርኔት መሥመርና ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን ለማገናኘት የተዘረጋው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር መረብ ለመሥመሩ መነሻ አለው። የጎደለው ሰውን ማቆየት ነው።

ሰው ለምን እንደማይቆይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚታወቅ ነው። አንድ ወጣት መምህር በውጭ ድጋፍ ለሁለት ዓመት ይሠለጥናል። ሲመለስ የሚጠብቀው የማስተማር ሸክም፣ ዝቅተኛ ደመወዝና የተማረውን የማይጠይቅ የሥራ መደብ ነው። ብዙውን ጊዜ የሳይንሳዊ ስሌት ባለሙያ የሚባል መደብ በመዋቅሩ ውስጥ ስለሌለ፣ ከአታሚ ማሽንና ከኔትወርክ ጥገና ጋር በአንድ ጥቅል ይታያል። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ባንክ፣ ወደ ቴሌኮም ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ሊወቀስ አይችልም፤ ልጆቹን የሚያበላው በምስክር ወረቀቱ አይደለምና። ለጋሹ ሪፖርት ላይ ግን «አንድ ሰው ሠለጠነ» ተብሎ ተጽፏል። ሪፖርቱ ውሸት አይደለም፤ ሰውየው በእርግጥ ሠልጥኗል፤ ማሳው ግን አልተጠቀመም።

በአሜሪካ በኩል ያለው ልምድ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳያል። ሱፐር ኮምፒዩተሮችን በአገር አቀፍ ደረጃ ለተመራማሪዎች የሚያከፋፍለው መርሐ ግብር ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለት ጊዜ ስሙን ለውጦ ዛሬ በሦስተኛ ስሙ ይጠራል። በየጊዜው የድጋፉ ዘመን አብቅቶ አዲስ ውድድር ተከፍቷል። ይሁንና ኢሊኖይ፣ ፒትስበርግና ሳን ዲዬጎ ያሉት ማዕከላት በሦስቱም ዘመን በሥራው ውስጥ አሉ። ስሙና ማሽኑ ሲቀያየር ተቋማቱ ሠራተኞቻቸውን ይዘው መሻገር ችለዋል፤ ሁሉንም ሸክም በአንድ ድጋፍ ላይ ስላልጣሉ ነው። ለዚህ ነው የ2025ቱ መናወጥ ለእነርሱም እንግዳ የሆነባቸው፤ መሻገሪያው ድልድይ ራሱ ሲነቃነቅ አይተው አያውቁም ነበር።

ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ከዚህ የሚወጣው ሥራ ትንሽና የሚጨበጥ ነው። የአገሪቱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የለጋሾች የድጋፍ ዘመን ግን በራሱ አቆጣጠር፣ አንዳንዴ በመስከረም፣ አንዳንዴ በታኅሣሥ ያልቃል። ድጋፉ ባለቀበት ቀንና አዲሱ በጀት በሚጀምርበት ቀን መካከል ያሉት ወራት የሠለጠነው ሰው የሚጠፋባቸው ወራት ናቸው። ተቋሙ የድጋፍ ስምምነቱን ሲፈርም፣ ሥልጠናው ከማለቁ በፊት ባለው የበጀት ዓመት ለሠልጣኙ የሚሆን የሥራ መደብና ደመወዝ በመንግሥት በጀት ውስጥ ካላስገባ፣ ገንዘቡ የሚያሠለጥነው ለሌላ ቀጣሪ ነው። ሁለት ወይም ሦስት መደብ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በጀት ከባድ አይደለም፤ ለአንድ ሕንፃ አጥር ከሚወጣው ያንሳል። ለጋሹም ቢሆን ከሠልጣኙ ቁጥር ይልቅ፣ ሥልጠናው ባለቀ በሁለተኛው ዓመት ስንቱ በዚያው ሥራ ላይ እንዳለ ቢጠይቅ ለራሱም ይበጀዋል።

የዋጉ ማስጠንቀቂያ የተገነባው ከጌትስ ፋውንዴሽንና ከእንግሊዝ መንግሥት በተገኙ፣ ዘመናቸው በተወሰነ ድጋፎች ነው። በዚያ ሂደት የሠለጠኑ የማሳ ቃኚዎች፣ የበሽታ ተመራማሪዎችና የመረጃ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የምርምር ማዕከላት ይሠራሉ። የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የቀጣይ ዓመት የበጀት ጥያቄ የሚጠናቀረው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ የእነዚህ ሰዎች መደብ በዚያ ሰነድ ላይ መኖር አለመኖሩን የክልል ምክር ቤት አባላት፣ የዩኒቨርሲቲ ቦርዶችና የግብርና ቢሮ ኃላፊዎች ሰነዱ ከመዘጋቱ በፊት አገላብጠው ማየት ይችላሉ።